ቢያድግልኝ እና ሰው ያልጨረሰው ፊልም

ድሮ ነው። መብራት ሰርዶ በር ከሚባለው መንደር ሳይደርስ፣ ፊልም የሚባለው ነገር ከተማ ደርሶ በተመለሰ ሰው አፍ ብቻ ሲወራ፣ እኛም ያላየነውን "አይተናል" ብለን ስንምል ነው። ቀረብ በሉና ስሙኝ።

በሰርዶ በር ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበረ። እናቱ እማማ ትጓደድ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ናት። ከእሱ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ስለቀበረች፣ "ይኸኛው እንኳ ቢያድግልኝ" ብላ ነው ስሙን ያወጣችለት። አደገላት። ጣውላ ቤት ገብቶ ጣውላ ይልግ ጀመር። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ኪነት ይሄዳል። ኪነት ማለት፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ያኔ በየወረዳው ዘፈንና ቴአትር የሚያሳይ ቡድን ነው። የሚባለው ቃል ሁሉ ከበላይ ተጽፎ ይመጣል። አንዲት ቃል መጨመር የለም፤ አንዲት ቃል መቀነስ የለም። ቢያድግልኝ መድረክ ላይ ሲያለቅስ አገር ያለቅሳል፤ ሲስቅ አገር ይስቃል። እንዲያ ያለ ተዋናይ ነበረ። ክፋቱም ከዚያ መጣ።

አንድ ጊዜ ተምሮ ሹም የሆነ የድሃ ልጅ ሆነህ ተጫወት አሉት። በቴአትሩ ውስጥ የልጁ እናት ልትጠይቀው ትመጣለች። እሱም በእንግዶቹ ፊት ያፍርባታል። "ይህቺን ሴት አላውቃትም። እኔ እናት የለኝም። ሞታለች" ይላል። ቢያድግልኝ ይህን ሲል አዳራሹ እርጭ አለ። ከፊት የተቀመጠችው እማማ ትጓደድ ግን ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። ወጣች።

ቤት ሲመለስ በሩ ተቀርቅሮ ጠበቀው።

"እማዬ፣ ቴአትር እኮ ነው!" አለ ደጅ ቆሞ።

"አፉ የማን ነበር?"

"የኔ ነው።"

"ሰው ሰምቷል አልሰማም?"

"ሰምቷል።"

"እንግዲያው ሂድ። እናትህ ሞታለች።"

አትሳቁባት። ያን ሁሉ ልጅ የቀበረች ሴት ናት፤ "ሞታለች" የሚለው ቃል ለሷ ጨዋታ አልነበረም። በሰርዶ በር ደግሞ ደንብ አለ፦ በአደባባይ የተጣለ ቃል የሚነሣው በአደባባይ ነው። ሽማግሌ ቢልክባት፣ "በሰው ሁሉ ፊት ክዶኝ ጓዳ ገብቶ አይመልሰኝም" አለች። ሽማግሌዎቹም እውነቷን ነው ብለው ተመለሱ።

መጀመሪያ በገበያ ሞከረ። በደለኛ ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸከመ። አጎንብሶ ይሄዳል፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብሎ ድንጋዩን ሲያወርድለት ያኔ ዕርቅ ወረደ ይባላል። ቢያድግልኝ ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ፈትሏን ይዛ ወደ ተቀመጠችው እናቱ ሄደ። ገና ሳይደርስ አንዱ ጮኸ።

"ኧረ ኑ! ቢያድግልኝ ጀመረላችሁ!"

"ድንጋዩ ከካርቶን ነው እንዴ?"

"አንገቱን እየው፣ አንገቱን! ያውቅበታል እኮ ይሄ ሰውዬ!"

አጨበጨቡ። በእውነት እያለቀሰ ነበር፤ ባለቀሰ ቁጥር አጨበጨቡ። እማማ ትጓደድ ጭብጨባውን ሰማች። መሳለቂያ ያደረጋት መሰላት። ፈትሏን ሰብስባ ሄደች። ድንጋዩን ራሱ አወረደው።

ሁለተኛ በመድረክ ሞከረ። "ቃሉ በወጣበት ቦታ እመልሰዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትምጣልኝ" ብሎ ላከባት። መጣች። አልተቀመጠችም፤ በሩ አጠገብ ቆመች። ቢያድግልኝ ያችን ክፉ ቃል ማለት ያለበት ቦታ ሲደርስ ዝም አለ። ከዚያ ተንበረከከ። "ይህቺ…" ሲል የኪነቱ ኃላፊ ከበስተኋላ "መጋረጃ!" ብሎ ጮኸ። መጋረጃው ወረደ። ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ሰው ከተንበረከከ ጉልበት ድምፅና ከዚያች ከተቆረጠች ቃል በቀር የሰማው የለም። ከበላይ የመጣን ቃል ለወጥክ ተብሎ ቢያድግልኝ ከኪነቱ ተባረረ። እናቱ መጋረጃው ይገለጥ እንደሆነ ብላ ብዙ ጠበቀች። አልተገለጠም።

"ዛሬም ደበቀኝ" አለች። ሄደች።

ያኔ ነው ቢያድግልኝ "መጋረጃ የሌለው ቴአትር የት አለ?" ማለት የጀመረው። ፊልም አሉት። ከተማ ወረደ። ሠርግ በቪዲዮ ለሚቀርጽ አንድ ሰው መብራት ተሸካሚ ሆነ። እያየ ተማረ። ማንም አላስተማረውም፤ ዓይኑ ነው ያስተማረው። ዓመታት አለፉ። ኪነቱ ፈረሰ፤ ዘመኑ ዞረ። ሰውዬው የጣለውን አሮጌ ካሜራ ይዞ፣ ጠጉሩ ሸብቶ ወደ ሰርዶ በር ተመለሰ።

ሦስተኛ በፊልም ሞከረ። ተዋናይ ፈለገ፤ አጣ። ሴቶቹ ሁሉ "ሞታለች የምትባል እናት ልሁንልህ? ሟርትህን ወዲያ!" አሉት። ስለዚህ በርጩማ አስቀመጠ፤ በርጩማው ላይ ነጠላ ጣል አደረገ፤ እናት አለው። ካሜራውን ቋጥኝ ላይ ያኖርና ቁልፉን ይጫናል፤ ሮጦ ከፊቱ ይቆማል፤ ይተውናል፤ ሮጦ ተመልሶ ያጠፋል። ደራሲው እሱ፣ ተዋናዩ እሱ፣ ቀራጺው እሱ። መንደሩ "ቢያድግልኝን በርጩማ ወለደችው" እያለ ሳቀበት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዛሬ ፊልም ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ቢያድግልኝ መቁረጫ አልነበረውም። ካሴቱ ላይ ቀድሞ የተቀረጸው ቀድሞ ይታያል። እሱም ተዋናይ ነውና "ክህደቱን ያላየ ዕርቁን አያውቀውም" ብሎ ከክህደቱ ጀመረ። መጨረሻው ላይ ድንጋዩን ተሸክሞ ተንበረከከ፤ "ይህቺ እናቴ ናት። አልሞተችም። የሞትኩት እኔ ነኝ" አለ። የሚያጨበጭብ አልነበረም፤ መጋረጃ የሚጥል አልነበረም።

ጓንጉል የሚባል ሰው ያኔ በጄኔሬተር የሚሠራ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ነበር። በቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ቆርቆሮ ቤቱ ሞላ። እማማ ትጓደድ በምርኩዝ መጣች፤ ከፊት አስቀመጧት። ቢያድግልኝ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ፊልሙ ጀመረ። የቢያድግልኝ ፊት ብቅ አለ። "እኔ እናት የለኝም። ሞታለች" አለ።

አሮጊቷ ምርኩዟን ያዘች።

"ደገመው" አለች። "በቁሜ ሁለት ጊዜ ቀበረኝ።"

ተነሣች። የተበደለ ትልቅ ሰው ሲወጣ ተቀምጦ መቅረት በእኛ አገር ነውር ነው። አግዳሚው ሁሉ ተነሣ።

"ጠብቁ! መጨረሻው አለ! እማዬ፣ መጨረሻው አልደረሰም!" እያለ ቢያድግልኝ በር ላይ ቆመ። ገፍተውት ወጡ። "አሁንስ አበዛው" አሉ። ከኋላው ባዶ ቤት ውስጥ ፊልሙ ይሄዳል።

ጓንጉል ብቻ ቀረ፤ ማሽኑ የእሱ ስለሆነ። መጨረሻውን አየ። አለቀሰ። በማግስቱ እማማ ትጓደድ ዘንድ ሄደ። ሴትዮዋ ታማ ተኝታለች። ያየውን ሁሉ ነገራት።

"ታዲያ እሱን ቢያስቀድምልኝ ምን ነበረበት? እኔ መጨረሻ የምጠብቅበት ዕድሜ አለኝ?"

ጓንጉል ያኔ ነው የነቃው። ካሴቱን ወደፊት ማሳለፍ ይቻል ነበር፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበረች። እሱም አላሰበው፤ ቢያድግልኝም አላሰበው።

"ለቅዳሜ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ" አለች። "ሰው ባለበት ይሁን። ድንጋዩን እኔ አወርድለታለሁ።"

ቅዳሜ አልደረሰችም። ሐሙስ ቀበሯት። ቢያድግልኝ መቃብሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከለቀስተኛው መሐል አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ "ያውቅበታል" አለ።

ቢያድግልኝ ሰማው። ቀና አለ። ከዚያን ቀን ወዲያ እስኪሞት ድረስ በሰው ፊት አላለቀሰም፣ አልሳቀም። ካሜራውንም አልነካም። ካሴቱን ሻጋታ በላው።

ሰርዶ በር ከጓንጉል ሰምቶ የነቃው ከረፈደ ነው። ዛሬ እዚያ አገር ጨዋታ የሚያመጣ ሰው መጨረሻውን ያስቀድማል። የሠርግ ቪዲዮ እንኳ ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው ሙሽሮቹ የእናት የአባታቸውን ጉልበት ሲስሙ ነው። ነገር የሚያንዛዛውን "መጨረሻህን አስቀድም፣ እናት አትጠብቅም" ይሉታል። መጨረሻውን የሰማም "አየሁልህ" ብሎ ይመልሳል፤ ተናጋሪውም ከዚያ ወዲያ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ይህን አንድ ታሪክ ግን በተለየ ከመጀመሪያው ነው የምንጀምረው። ሰሚው ሳይነሣ እስከ መጨረሻው እንዲቀመጥለት ብለን ነው። እናንተም አልተነሣችሁም። በሉ እንግዲህ፣ "አየንልህ" በሉት። እሱ እንደሆነ አይሰማም።