የትርንጎ ቀሚስ ጥጥ ከየት መጣ?

ጠጋ ጠጋ በሉ! ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ የተኛውን ቀስቅሱልኝ!

ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ሙያዋ ለጉድ ነው። ትልቁ የልብስ ኤግዚቢሽን ግን ሕግ አወጣ፦ «ጥጡ የት እንደበቀለ ያለፈበት እያንዳንዱ እጅ ያልመሰከረለት ቀሚስ አይገባም!» ካልገባ አይሸጥም፤ ካልተሸጠ አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ሥራ መፍታታቸው ነው። ትርንጎ የምትፈልገው አንዲት የቦታ ስም ከሁሉም አፍ መስማት ብቻ ነበር።

ወደ ጨርቅ ነጋዴው ሄደች። «ጋሼ፣ የዚህ ጨርቅ ጥጥ የት ነው የበቀለው?»

«እኔ ምን አውቄ የኔ ልጅ! ሸማኔው መች ነገረኝ?»

ወደ ሸማኔው ሄደች። «ወንድሜ፣ አንተ ለነጋዴው አትነግር፣ ነጋዴው ለእኔ አይነግር፤ ምን ይሻለኛል?»

«ኧረ ተይኝ እቴ! ፈታይዋ መች ነገረችኝ?»

ወደ ፈታይዋ ሄደች። «እማማ፣ እርስዎ ለሸማኔው አይነግሩ፣ ሸማኔው ለነጋዴው አይነግር፣ ነጋዴው ለእኔ አይነግር፤ ምን ይሻለኛል?»

ፈታይዋ እንዝርቷን አሾረች። «ጥጥ ሻጩ መች ትንፍሽ ይላል ልጄ!»

ትርንጎ ደሟ ፈላ። ወደ ጥጥ ሻጩ ገሰገሰች። «አንተ ለፈታይዋ አትነግር፣ ፈታይዋ ለሸማኔው አትነግር፣ ሸማኔው ለነጋዴው አይነግር፣ ነጋዴው ለእኔ አይነግር፤ ኧረ ምን ጉድ ነው?»

ጥጥ ሻጩ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከተናገርኩ ሁሉም እኔን አልፎ ገበሬው ዘንድ ይሄዳል። ከዚያ እኔን ማን ዞር ብሎ ያየኛል?»

አይ ፈሪ! ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልክ ያኔ ከአባያ ሐይቅ ዳር ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ገበሬ ጥጥ ጭነው ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

ሁሉንም ነገረቻቸው።

«የዚህ ሰውዬ ጥጥ እኮ ከእኔ ማሳ የበቀለ ነው!»

«የእርስዎ ቃል ብቻውን አይበቃም ጋሼ። ሁሉም እጅ ካልመሰከረ አያስገቡኝም።»

ጋሽ አንጁሎ ወደ ጥጥ ሻጩ ዞሩ። «በል ተናገር! ካልተናገርክ ጥጤን አላወርድም። የምን መታለፍ ነው? የሁላችንም ስም ቀሚሱ ላይ ይጻፍ!»

«የእኔም?»

«ያንተማ ከእኔ ቀጥሎ!»

በቃ፣ አፉ ተፈታ! ጥጥ ሻጩ ለፈታይዋ ነገረ፤ ፈታይዋ ለሸማኔው ነገረች፤ ሸማኔው ለነጋዴው ነገረ፤ ነጋዴው ለትርንጎ ነገረ፤ ትርንጎ የሁሉንም ስም ቀሚሱ አንገት ላይ ሰፋች፤ የኤግዚቢሽኑ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። እፎይ! ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ትርንጎም ስንት ቀን የራቃት እንቅልፍ ተመለሰላት።

ጋሽ አንጁሎም ሊያዩ መጡ። ቀሚሱን እንዳያቆሽሹ እጃቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና ጫፉን ዳሰሱ።

«ይሄ የእኔ ጥጥ ነው?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ይኸው፣ ስምዎ።»

«እሰይ!» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዘመን ፍራሽ የሚሞላበት ይመስለኝ ነበር!»

በሉ፣ ተረቴ አለቀ፤ አፌ ደርቋል፣ ውኃ አቀብሉኝ።