የማንደፍሮ ጣሪያ

አንድ ቀን እህቴ ዘርፌ ካምፓላ ላይ በርበሬ አመሰች። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያች በርበሬ ነው።

እኔ የሄድኩት ላርሳት ነበር። ዘርፌ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል፤ ባሏ ማንደፍሮ «እትዬ፣ እባክሽ ነይልን፣ እዚህ አራስ የሚያርስልን ዘመድ የለም» ቢለኝ ከደሴ ተነስቼ ዩጋንዳ ገባሁላችሁ። ማንደፍሮ ጎሚስታ ነው። ደሴ ጎማ ሲለጥፍ አደገ፣ ካምፓላ ሄዶም ያው ጎማ ይለጥፋል። እጁ ከጥቁር ዘይት ወጥቶ አያውቅም፣ አፉ ግን ምላጭ ነው።

የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። የዚያ አገር ሰዎች ደጎች ናቸው፣ ሰላምታቸው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የበርበሬ ጭስ ግን አያውቁም። ዘርፌ ደግሞ እርጉዝ ናት፣ አማራት። ጓሮ ወጣችና ዛላውን ብረት ምጣድ ላይ አፍስሳ ታምሰው ጀመር። እናንተዬ! የላይኛው ቤት አስነጠሰ። የታችኛው ቤት አስነጠሰ። ከማዶ ያለው ውሻ ሳይቀር አስነጠሰ። አንድ ሰውዬ ሸሚዙን አፍንጫው ላይ አስሮ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ አጥር ዘሎ መጣ፤ እሳት ሊያጠፋልን እኮ ነው! ምጣዱን ሲያይ ውሃውን የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ቆሞ ቀረ።

ትንሽ ቆይታ አከራይዋ መጣች። ግዙፍ ሴትዮ ናት፣ እንባዋ እየወረደ በእንግሊዝኛም በቋንቋዋም ተናገረች። እኔ አንዱንም አልሰማሁም፤ ጣቷን ወደ በሩ ስትቀስር ግን ገባኝ።

ይሄ የመጀመሪያቸው አይደለም። ካንደኛው ቤት በሙቀጫ ነው የተባረሩት፣ «ግድግዳችንን አናጋችሁት» ተብለው። ካንደኛው ደግሞ ለፋሲካ በግ ግቢ ውስጥ አስረው፣ በጉ ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮ።

ዘርፌ ምጣዷን አጥባ ቋጠረች። ልብሷን አጣጠፈች። ከዚያ ባሏ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ማንዴ፣ እኔ በሰው ግቢ አልወልድም። ወይ የራሴ ጓሮ ይኑረኝ፣ ወይ ደሴ እሄዳለሁ። እትዬ ስትመለስ አብሬያት ነኝ።»

ማንደፍሮ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ሳይጨርስ ተወው።

እንግዲህ እዚያ ሰፈር ሐበሻ ሲጨንቀው የሚሄደው አቶ ልሳነወርቅ ዘንድ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ካምፓላ የገቡት ከሁሉም ቀድመው ነው። ክራባታቸውን እሁድም አይፈቱም። ስለ መኖሪያ ፈቃድ ብትጠይቋቸው ያውቃሉ፣ ስለ ባንክ ያውቃሉ፣ እኔ ጉልበቴን ሲያመኝ እሱንም አወቁት። ብቻ እስከ ዛሬ የሚኖሩት በኪራይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

ማንደፍሮ መሬት እፈልጋለሁ ሲላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሕግ አታውቅም። አንተ የውጭ ዜጋ ነህ።»

«ነኝ።»

«የውጭ ዜጋ እዚህ አገር የመሬት ባለቤት አይሆንም። ይሰማሃል? አይሆንም! ቢበዛ በሊዝ ይሰጥሃል። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ትይዘዋለህ፣ ቤት ትሠራበታለህ፣ መሬቱ ግን ያንተ አይደለም።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው!»

«ኧረ አቶ ልሳነወርቅ! የውጭ ዜጋ ሲሉኝ እኮ አዲስ ነገር የመጣብኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እርስዎ የነገሩኝ የደሴን ነው!»

እኔ በሳቅ ወንበሩን ልጥለው። አቶ ልሳነወርቅ ግን መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «ይሄ የሚያስቅ ነገር አይደለም» አሉ፤ እንደገናም ከመጀመሪያው ጀምረው አስረዱን።

መሬቱን ያገኘው ማንደፍሮ ራሱ ነው። ሙዜ ካዮንዶ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ «ሙዜ» እዚያ «አባባ» እንደማለት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አፈሩ እንደ ሸክላ የቀላ መንደር ውስጥ ሰፊ ይዞታ አላቸው። የብስክሌታቸው ጎማ በፈነዳ ቁጥር የሚያስለጥፉት ማንደፍሮ ጋ ነበርና ወሬ ለመዱ። ከሙዛቸው ዳር ያለውን ክፍት ቦታ በሊዝ ሊሰጡት ልባቸው ፈቅዷል። ግን መንደሩ ሥርዓት አለው። ባዳ ሰው ከመግባቱ በፊት ጎረቤቱ ሁሉ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የፈለገውን ይጠይቀዋል። የመጨረሻዋን የሚጠይቁት ሙዜ ናቸው። እሷን የመለሰ ገባ፣ ያልመለሰ በመጣበት ተመለሰ።

በቀጠሮው ቀን ሄድን። ማንደፍሮ እጁን በኦሞ ሲፈትግ አርፍዶ፣ ዘርፌ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አቶ ልሳነወርቅ ሊያስተረጉሙ ክራባታቸውን አጥብቀው፣ እኔም ከኋላ።

ገና ከመድረሳችን አንዲት ሴት መጣችና ፊቴ በጉልበቷ ወረደች። እኔ ምስኪኗ ምን አውቃለሁ! የጆሮ ጌጥ ወድቆባት ነው ብዬ አብሬያት ወረድኩና ሣሩን እዳብስላት ጀመር። እሷ ታየኛለች፣ እኔ እዳብሳለሁ። ለካ ሰላምታቸው ነው! መንደሩ በሳቅ አለቀ። ሴትዮዋ ራሷ ደግፋ አነሳችኝ፤ እስክንሄድ ድረስም ከጎኔ አልተነሳችም።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። አንዱ ተነሳ።

«ከብት አምጥተህ ሙዛችን ላይ ትለቃለህ?»

«እኔ ያለኝ ጎማ ነው» አለ ማንደፍሮ። «ሙዝ አይበላም።»

ሌላው ቀጠለ። «መጠጥ ትጠጣለህ?»

«እሱ በእናንተ ነው። ከጠራችሁኝ እመጣለሁ።»

አንዲት ወፍራም ሴትዮ እጇን አወጣች። «ከተማ ያለችው እህቴ ስትናገር፣ እነዚህ ሰዎች መንደር የሚያስለቅስ ጭስ አላቸው ትላለች። እውነት ነው?»

ዘርፌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ማንደፍሮ ግን አልካደም።

«እውነት ነው። እሱ የጨሰ ቀን ግን ቢንቢ መንደራችሁ አያድርም።»

ሳቁ፣ አጨበጨቡ። እኔም በቃ ገባልን ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። ዞር ስል ሙዜ ካዮንዶ አልሳቁም። አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው ማንደፍሮን ያዩታል። ከዚያ መናገር ጀመሩ። አቶ ልሳነወርቅ እየሰሙ ወደ እኛ መለሱት።

«እዚያ ሙዞቹ ሥር አባቴ አለ። ከጎኑ አያቴ፣ ከሱ ወዲያ የአያቴ አባት። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። በዚህ መንደር መቃብር የሌለው ሰው ቤት የለውም። መቃብር የሌለው ሰው ኑሮ ሲከብደው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ቤቱ ለእባብ ይቀራል። አንተ ጥሩ ልጅ ነህ፣ ጎማዬንም ደህና አድርገህ ለጥፈሃል። ግን ባዳ ነህ። ንገረኝ፣ ያንተ ሙት የት ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ ተርጉመው ሲያበቁ የራሳቸውን ጨመሩበት። «አለቀ። አልነገርኳችሁም? ተነሱ እንሂድ።»

ማንደፍሮ የፈተገውን እጁን አገላብጦ አየ። ዘርፌ አንድ እጇን መሬት ላይ ደግፋ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ልትነሳ ታቃስታለች። እኔ ዓይኔ ላይ የመጣው የደሴ መንገድ ነው፤ እሷ ልጇን ይዛ ከኔ ጋር፣ ማንደፍሮ ብቻውን ከጎማው ጋር።

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ማንደፍሮ ጆሮ ጎንበስ አሉ፣ ሹክ ሊሉ ነው፤ ሹክሹክታቸው ግን ለኔም ይሰማል።

«በል ቶሎ አንድ አጎት ቅበርና ገላግለን! ድሮ መጥቶ እዚህ የሞተ አጎት ነበረኝ በል። ማን ቆፍሮ ያየዋል?»

«አጎቶቼ ደሴ በሕይወት ቁጭ ብለው፣ እኔ እንዴት አድርጌ ካምፓላ ልቅበራቸው?»

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

ማንደፍሮ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። ሽማግሌው ፊት ሄዶ፣ አገራችን እንደምናደርገው ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ።

«አባባ» አለ፣ «እውነትዎን ነው። እዚህ አፈር ውስጥ የኔ ሰው የለም። እርስዎ ብቻ ቦታውን ይስጡኝ እንጂ፣ ሙቱንስ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ፤ ይኸው ፊትዎ ቆሟል። ግን አያስቸኩሉኝ፣ መጀመሪያ ጣሪያዬን ልጨርስ።»

አቶ ልሳነወርቅ ላብ አጠመቃቸው። «እኔ ይሄን አልተረጉምም! በሽማግሌ ፊት በሞት ቀልድ? በዱላ ነው የሚያባርሩን!»

«አቶ ልሳነወርቅ፣ የምሞተው እኔ ነኝ፣ እርስዎን ምን አስጨነቀዎት? እንዳለ ይንገሩልኝ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ተረጎሙት። እንደ መራራ መድኃኒት ባንድ ትንፋሽ።

ሙዜ ካዮንዶ አገጫቸውን ከምርኩዙ አነሱ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ የተናደዱ መስሎኝ ጫማዬን በእግሬ ፈለግኩ። ከዚያ ሽማግሌው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳቁ፤ ምርኩዛቸው አምልጧቸው ወደቀ፣ እንባቸው እስኪወርድ። ያለ በርበሬ!

«ስንት እንግዳ አይቻለሁ» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «ሙቱን በእግሩ እያስኬደ ያመጣ አይቼ አላውቅም። ሂድ፣ ካስማህን ትከል። ቃልህን ግን ይዣለሁ።»

ቃል መያዝ ደግሞ ያውቁበታል ሰውዬው!

ቤቱ ወዲያው ተጀመረ። የሰፈሩ ሐበሻ እሁድ እሁድ ደቦ ወጣ፣ የመንደሩም ሰው ጡብ አቀበለ። ያቺ የተንበረከከችልኝ ሴት ለኔና ለዘርፌ ሙዝ እየቀቀለች ስታመላልስ ከረመች። ሁለት ክፍል ቆመ፣ ቆርቆሮው ከወዲህ በኩል መልበስ ጀመረ፣ ዘርፌም እንዳለችው በራሷ ግቢ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እኔም አረስኳት፤ ገንፎውን እያገነፋሁ፣ ጓሮዋ ወጥቼ በርበሬዬን እያመስኩ። መንደሩ አስነጠሰ። ማንም ባልዲ ይዞ አልመጣም።

የልጁ እትብት የወደቀ ለት ጓሮ ወጥቼ ሙዙ ሥር ቀበርኩት። ሙዜ ካዮንዶ ብስክሌታቸውን እየገፉ ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ፤ ምን እንደቀበርን ጠየቁ። ቆርቆሮ ሊመታ መሰላል ላይ የወጣው ማንደፍሮ ያቺኑ የለመዳትን ቋንቋቸውን እየሰባበረ አስረዳቸው፤ ሽማግሌው ያሉትንም ለኔ መለሰልኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም። ይሄን እንደ ቀብድ ተቀብያለሁ። ዋናውን እጠብቃለሁ። ጣሪያው አለቀ?»

ማንደፍሮ ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ በረንዳው ላይ የቀረችው አንዲት ቆርቆሮ ናት። ሽማግሌውን አየ። መዶሻውን ወገቡ ላይ ሻጠና ቀስ ብሎ ከመሰላሉ ወረደ።

«አንዲት ቆርቆሮ ቀረችኝ፣ አባባ።»

ያ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። አቶ ልሳነወርቅ «ያን መሬት እኔ ነኝ ተርጉሜ ያሰጠሁት» እያሉ ለሁሉ ያወራሉ፣ ከኪራይ ክፍላቸው ሆነው። እኔ ከደሴ ስደውል፣ ዝናብ ከሆነ ከዘርፌ ድምፅ በፊት የሚሰማኝ ባልዲው ነው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። «እትዬ፣ ይሄን ሰውዬ ምከሪልኝ» ትለኛለች፣ «አንዲት ቆርቆሮ ምን አላት፣ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም!»

ሙዜ ካዮንዶ ዛሬም ክረምት በገባ ቁጥር ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ «ማንደፍሮ፣ ጣሪያው አለቀ?» ይሉታል።

«ኧረ ገና ነው፣ አባባ! ሚስማር ተወዶብኝ ነው።»