ብረት ድስትና አሉሚኒየም ድስት የታረቁ ዕለት

ተረት ልንገራችሁ። ስሙኝ፤ ባይገባችሁም ስሙኝ። እኔም ስሰማው ግራ ገብቶኝ ነው ያደግሁት።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እንስሶች እድር ነበራቸው። የእድሩ ድስት ሁለት ነው። አንዱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሽማግሌ። ሌላዋ አሉሚኒየም፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ወሬኛ።

አገሩ ውሃ አጣ። እድሩ ወንዝ ወዳለበት ሊሰደድ ሆነ። አህያ ግን፣ «ከእህሉ ጋር የምችለው አንድ ድስት ነው። ሌላውን ለቀጥቃጭ ስጡት፤ ያቅልጠው» አለች።

ድስቶቹ ደነገጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ኤሊ፣ ጃርትና ዝንጀሮ።

«እኔ ልሂድ» አለች አሉሚኒየም። «ቀላል ነኝ። አልዝግም። ደግሞ አሉሚኒየም ብቻ እንዳልመስላችሁ፤ ትንሽ መዳብ፣ ትንሽ ሌላም ተቀላቅሎብኛል። መቀላቀሉ ነው ያጠነከረኝ።»

«ማን ጠየቀሽ» አለ ብረት። «እኔ የስንቱን ሠርግ ወጥ አብስያለሁ።»

«ዝገትህንም አብረህ አብስለሃል» አለችው።

«በቃ፤ ይፈተኑ» አለች ኤሊ።

አህያ ላይ ጫኗቸው፤ በየተራ። ለአሉሚኒየም አህያ ጆሮዋንም አላነቃነቀች። ለብረት ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ።

«አሉሚኒየም ትሂድ» አሉ።

«ቆዩ» አለ ብረት።

ሽሮ ተሠራባቸው። አሉሚኒየም ቶሎ አፈላች፤ ሲያወርዷት ቶሎ ቀዘቀዘች። ብረት ዘግይቶ አፈላ። አወረዱት፤ ጃርት እንጨት ለቅሞ ሲመለስ ሽሮው ገና ይንተከተካል።

«ብረት ይሂድ» አሉ።

«ቆዩ» አለች አሉሚኒየም።

የትኛው እንደሚጠነክር ሊያዩ ከቋጥኝ ላይ ለቀቋቸው። አሉሚኒየም ጎኗ ጎደጎደ። ብረት ከንፈሩ ተሸረፈ።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለች አህያ።

ኤሊ ዝንጀሮን አየች። ዝንጀሮ ጃርትን አየ። ጃርት መሬት አየ።

«የተሸረፈው ቅርጹን አልለወጠም» አለ ጃርት።

«የጎደጎደችው ምንም አልጎደለባትም» አለች ኤሊ።

«ግን ጎድጉዳለች።»

«ድስት ድሮስ ጎድጓዳ አይደለም እንዴ?»

ኤሊ የተናገረችው ለራሷም አልገባትም።

ያን ጊዜ ዝንጀሮ ተነሣ። «ጎበዝ፣ የሽማግሌ ወጉ ማስታረቅ ነው። መቀላቀል አጠነከረኝ ብላ የለ? እንቀላቅላቸው። የእሷ ቅለት፣ የእሱ ግለት፤ አንድ ድስት ይሆናሉ። አህያም አንድ ትጭናለች።»

ሁሉም ደስ አላቸው። «በሉ ተሳሳሙ» ተባሉ። ቀጭ ብለው ተሳሳሙ።

አሉሚኒየምን ብረት ውስጥ ከተቷት። እሳቱን በወናፍ አናፉት። ብረት ቀላ። አሉሚኒየም ግን ከዚያ በፊት ቀልጣ እንደ ወተት ተኝታለች።

«ና እንጂ» አለችው ከሆዱ ሆና።

«ኧረ እኔ ገና ላቤም አልመጣ።»

«እኔ እኮ አልቄያለሁ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

ሽማግሌዎቹ እሳት ጨመሩ። እሷ ባሰባት፤ እሱ ያው ነው። ጃርት ደነገጠ። እሷን ላድን ብሎ በብረት ጎን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰ።

ጧ አለ ብረት። ከአፉ እስከ ቂጡ ተሰነጠቀ። አሉሚኒየም በስንጥቁ ወጥታ አመድ ውስጥ ፈሰሰች።

አህያ ጀርባዋን ለጭነት ሰጥታ ቆማለች። «አሁን ማንን ልጫን?»

«ታርቀው ነበር እኮ» አለች ኤሊ።

እድሩ ወንዝ ያለበት አገር ደረሰ። ውሃ ሞልቷል፤ እህል ሞልቷል፤ ድስት የለም። ጥሬ ቆረጠሙ። እየቆረጠሙ ዝንጀሮ «ጥፋቱ የውሃው ነው» ይላል። ጃርት «የእሳቱ ነው» ይላል። አህያ ሁለቱንም እየሰማች ጥሬዋን ትቆረጥማለች።

እኔ ይህን ያህል ነው የሰማሁት፤ የቀረውን እናንተ አላምጡት። የነገሩኝ አባት ሲጨርሱ እንዲህ ይሉ ነበር፦

ሁለት የሚያስታርቅ፣ የሁለቱን እሳት ይወቅ።