እመት ጋዜጣ የአያ ጅቦን በር ያንኳኳች ዕለት

ተረት ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ «አውርደው» በሉኝ። ጆሮ ያለው ወደ ፊት፣ ምላስ የበዛበት ወደ ዳር። እንዲያ ነው፣ አሁን ይመቸኛል።

ድሮ፣ ያን ያህልም ድሮ አይደለም፣ የዱርና የቤት እንስሳት ባንድ ከተማ ሲኖሩ እመት ጋዜጣ የምትባል ኩሩ ወረቀት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማተሚያ ቤት ወጥታ፣ በአህያ ተጭና ከሾላው ጥላ ሥር ትወርዳለች። እንስሳቱ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ይከራዩአታል። አንዱ አንብቦ ለሌላው ያቀብላታል፤ ማንበብ የማይችለው ደግሞ ጋሽ ዝንጀሮ ሲያነብ ያዳምጣል። ጋሽ ዝንጀሮ የእድሩ ዳኛ ነው። ድምፁ ጎርናና ስለሆነ የአንዲት ዶሮ መጥፋት እንኳ በሱ አፍ ሲነበብ አዋጅ ይመስላል።

እመት ጋዜጣ አንድ ልማድ ነበራት። የማንንም ነገር ከመጻፏ በፊት ሄዳ በሩን ታንኳኳለች። «እንዲህ ይሉሃል፤ እውነት ነው?» ትላለች። ከተሳሳተችም በሚቀጥለው ቅዳሜ በግንባሯ ላይ «ተሳስቻለሁ» ብላ ትወጣለች። በዚህ ትኮራ ነበር። ብትኮራም አይፈረድባትም።

አንድ ቀን ጎረምሳው ስልክ ከተማ ገባ። ፊቱ ያበራል፣ ምላሱ አያርፍም። ገና ነገሩ ሳይሆን ወሬው ይደርሳል። እንስሳቱ ስልክን በየኪሳቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ከሾላው ሥር ድንጋዩ ብቻ ተረፈ።

ቆሎ ነጋዴዋ እንኮዬ ጦጣ መጥታ እመት ጋዜጣን በጣቷ ዳሰሰቻት።

«መቼም ጊዜሽ አልፏል» አለቻት። «ማተሚያ ቤቱ ሦስት ቅዳሜ ነው የሰጠሽ አሉ። ጥላው ካልሞላ ማሽኑ ይቆማል። ያኔ ወደኔ ነይ፤ ወፍራም ነሽ፣ ቆሎ አታፈሺም።»

«እኔ ቃል ነው የምይዘው እንጂ ቆሎ አይደለም» አለች እመት ጋዜጣ። መጠቅለያ መሆን ማለት ለሷ ሞት ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስልክን በሩጫ ልቅደመው አለች። ዳክዬ መንገድ ላይ ያወራችውን ሰምታ፣ ሳታጣራ «ወንዙ ሞልቷል፣ ሽሹ» ብላ ወጣች። እንስሳቱ ልጅና ምንጣፋቸውን ተሸክመው ኮረብታ ላይ ወጡ። ከዚያ ላይ ሆነው ቁልቁል ቢያዩ፣ ወንዙ ውስጥ እንቁራሪት እግሯን ዘርግታ ትታጠባለች፤ ውሃው ጉልበቷ እንኳ አልደረሰም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች እመት ጋዜጣ ለራሷ፣ አፍራ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እንደ ስልክ ላብራ አለች። ሐምራዊና ብርቱካናማ ተቀባብታ ወጣች። ልማዷን ግን መተው አልቻለችምና በግንባሯ ላይ በጥቁር ቀለም «ወንዙ አልሞላም። በር ሳላንኳኳ ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ጻፈች። ካፊያ ጣለ። ያ ሁሉ ቀለም ታጥቦ ወረደ፣ ፍየል መጥታ ላሰችው፤ የቀረው በጥቁር የተጻፈው ብቻ ነው። እሱንም ያነበቡት ጋሽ ዝንጀሮና ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው።

ስልክ ሳቀባት። «እትዬ ጋዜጣ፣ እኔ እኮ ስሳሳት ያንዱን ወሬ በሌላ ወሬ እሸፍነዋለሁ። ጥፋትሽን በግንባርሽ ለጥፈሽ ማን ያምንሻል?»

ያ ነገር ውስጧን በላት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሊደርስ ዋዜማው ላይ ስልክ ጮኸ። «አያ ጅቦ ሞተ!» ቀበሮ ናት ያቀበለችው፤ ጅቡ ጠግቦ በጀርባው ተንጋሎ ሲያንኮራፋ ከሩቅ አይታ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ሞት ከተሰማ ማጣራት ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ቀበሮም «ዋሻው ባዶ አይቀመጥ፤ ከለቅሶው በኋላ እኔ ልጠብቅለት» አለች።

እመት ጋዜጣ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አለቻት ጦጣ።

«በሩን ላንኳኳ።»

«የሞተ በር ይከፍታል እንዴ? ጻፊና ነገ ከሁሉም ጋር እኩል ሁኚ።»

«እኩል መሆን አልፈልግም» አለች እመት ጋዜጣና መንገድ ጀመረች።

ዋሻው ደርሳ አንኳኳች፤ መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች፤ ዝም። እውነትም ሞቶ ይሆን ብላ አሰበች። ሦስተኛ ስታንኳኳ ጎረቤቱ ፍልፈል ከጉድጓዷ ራሷን አወጣች።

«ጅቦን ነው? አሁን ወጣ። ከታች ለቅሶ ሰምቶ፣ ንፍሮ ሳያልቅ ልድረስ ብሎ እየሮጠ ነው የሄደው።»

እውነትም አያ ጅቦ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ንፍሮውን ያጣጥም ነበር። ከጠገበ በኋላ ይሉኝታ ያዘውና ወደ ጋሽ ዝንጀሮ ጠጋ አለ።

«ለመሆኑ የሞተው ማነው?»

«አያ ጅቦ ነው» አለ ጋሽ ዝንጀሮ፣ ከሐዘኑ የተነሣ ቀና ብሎ ሳያይ።

«ውይ፣ ምን የመሰለ ደግ!» አለና ጅቡ እንባውን አፈሰሰ። ጥቂት እንዳለቀሰ ግን ነገሩ ገባው። «ቆይ እንጂ። እኔ እኮ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩት። ድንኳኑ ታመሰ። «መንፈስ ነው፣ ስልክ እኮ ሞቷል ብሏል!» እያሉ ድንጋይ አነሡ። ምስኪኑ ጅብ በቁሙ ተለቅሶለት፣ በቁሙ ተወርሶ፣ አሁን ደግሞ በቁሙ ሊወገር ሆነ።

«ድንጋዩን አስቀምጡት» አለች እመት ጋዜጣ እየደረሰች። «ዋሻው ሄጃለሁ። ሦስት ጊዜ አንኳኩቻለሁ። ፍልፈል ሲወጣ አይታዋለች፤ ስሜንም ጥሪ ብላኛለች። አያ ጅቦ ሕያው ነው።»

«ስልክን ትተን አንቺን የምናምንበት ምክንያት ምንድነው?» አለች ቀበሮ።

ጋሽ ዝንጀሮ ብድግ አለ። «እኔ ልንገርሽ። በወንዙ ወሬ በተሳሳተች በሳምንቱ ጥፋቷን በግንባሯ ይዛ ወጥታለች፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የራሷን ያልሸሸገች የሌላውን አትሸሽግም። ድንጋያችሁን ጣሉ።»

ድንጋዩ ተጣለ፣ ቀበሮም የዋሻውን ነገር ተወች። እንስሳቱ ተቆጥተው ስልክን ወንዝ ሊከቱት አነሡት። የከለከለቻቸው እመት ጋዜጣ ናት።

«አንተ ልጅ፣ እግርህ ፈጣን ነው፤ እሱን አልነቅፍም» አለችው። «እኔ በር አንኳኳለሁ፣ አንተ ትሮጣለህ። ያላንኳኳሁትን ግን በስሜ አታደርስም። ከተሳሳትንም አብረን በግንባራችን እንለጥፋለን።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ስልክ። ያን ቀን ፊቱ እንኳ ብዙ አላበራም።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ የእመት ጋዜጣን ቃል ይዞ በየጎጆው ዞረ። «ጅቡ እንዴት እንደዳነ ሙሉውን ከሾላው ሥር ታገኛላችሁ» አለ። ጥላው ሞላ፣ ድንጋዩ አልበቃ አለ፣ ማሽኑም ሳይቆም ቀረ። እመት ጋዜጣ ከአህያ ጀርባ ስትወርድ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው።

እንኮዬ ጦጣ ያረጁትን ገጾች ዛሬም ለቆሎዋ ትወስዳለች። ገዢዎቿ ግን ቆሎውን ወደ ኪሳቸው ገልብጠው መጠቅለያውን ዘርግተው ያነባሉ። አያ ጅቦ ደግሞ ያችን «ሕያው ነው» የምትለውን ገጽ ዋሻው ግድግዳ ላይ ለጥፏታል። ጠዋት ጠዋት አይቷት ነው የሚወጣው።

ወሬ ሯጭ ይፈልጋል፤ እውነት ግን በር የሚያንኳኳ ይፈልጋል። ተረቴን አወረድኩ፤ ሸክሙ የናንተ ነው። ለሌላ ከማቀበላችሁ በፊት ግን የጅቡን በር አንኳኩ።