በአረንጓዴ ሻይ የተዋጠ ክኒን

አንድ ሰው ነበር። ሻይ ቅጠል በሚለቀምበት አገር ተወልዶ፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ ስለ አንድ ቅጠል አሥራ አንድ ዓመት ተማረ። ቅጠሉም እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለቅመው የኖረችው ያው ሻይ ነው።

ሲመለስ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ከአምልኮ በኋላ እንዲናገር ጋበዘው። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ካቴኪን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለ፣ ለልብና ለደም ሥር ሊበጅ እንደሚችል አስረዳ። ጠጡ አላቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አንድ ነገር ግን አልነገራቸውም። ይኸው ንጥረ ነገር ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያውካል፤ ደም ያነሰው ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ረስቶት ነው? አልረሳውም። በመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎበታል። ጭብጨባው ጣፍጦት፣ «ነገር ግን» ማለት ከበደው።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ አክስቱ ወይዘሮ ደጊቱ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ወይዘሮ ደጊቱ ቅጠል ሲለቅሙ ቅርጫታቸውን እንዳዘሉ ወደቁ። ሰውየው ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ነርሷ ካርዳቸውን አገላብጣ፣ የደም ማነስ ክኒን ከጀመሩ አራት ወር እንደሆናቸው፣ መጀመሪያ ተሽሏቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ደማቸው ጭራሽ እንደወረደ ነገረችው። መታመማቸውን የሰማው ያን ዕለት ነው። ከተመለሰ ጀምሮ «ደኅና ነዎት?» ይላቸዋል እንጂ መልሱን ቆሞ አዳምጦ አያውቅም።

«እማማ፣ ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?» አለች ነርሷ።

«በአረንጓዴው ሻይ ነዋ። ቁርሱም ምሳውም በሱ ነው። በውኃማ ድሮ ቀረ፣ ሳንሠለጥን።»

ነርሷ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችና ይህን ማን እንደመከራቸው ጠየቀች።

ሰውየው ወለሉን አየ። «እኔ ነኝ» ማለት ይበቃው ነበር። አላለም።

ወይዘሮ ደጊቱ የወንድማቸውን ልጅ አንድ ጊዜ አዩት። አፉ እንዳልተከፈተ አዩ።

«ኧረ ማንም አላለኝ» አሉ። «የአሮጊት ነገር፣ ከራሴ አፍልቄ ነው።»

ለመቆም አቅም ያጡ ሴት ክብሩን ሸፈኑለት። የሚገባበት ጠፋው። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ፣ ይቅርታ ለመናቸው።

«እኔን ይቅር ይበሉኝ ብትለኝ ምን ይረባል?» አሉት። «ያን ቀን የሰማንህ ብዙ ነን። ያቺ አራስ ጎረቤቴም ጠዋት ማታ እየጠጣች ነው።»

በቀጣዩ እሑድ ያው ሰው እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። እያወቀ የደበቃቸው ነገር እንዳለ ተናገረ። አክስቱን እንዳሳመመ፣ ሲጠየቅም ዝም እንዳለ ተናገረ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ከአፋችሁ የወጣው ግማሽ እውነት ዛሬ በማን ጓዳ ይጠጣል? በባሏ የምትደበደበውን ልጃችሁን «ቻይው» ብላችሁ የመለሳችሁ፣ የታመመውን «እመንና ተነሥ» ብላችሁ ከሐኪም ያስቀራችሁ፣ የቀረውን ቃል አታውቁትም ነበር? ታውቁት ነበር። እኛም እናውቀው ነበር።

ደግሞስ በእኛ ጥፋት የታመመው ሰው ስማችንን ደብቆልን ይሆን? በጓዳ ይቅርታ ጠይቀን ተገላገልን ብለን ይሆን?

ለማስተማር በሰው ፊት ቆማችሁ ነበር። ለማረምም ቁሙ።