ሸኽ ጀውሐር ዝም ያሉበት ጀናዛ

ከተማዋ በተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች የድሮ ከተማ ናት። ከበላይዋ ምንጭ፣ ከበታችዋ ገደልና ወንዝ፣ መሀሏ ላይ ደግሞ መስጂድ አላት። ስሟን ግን አልነግራችሁም። ታሪኩን ያወሩልኝ ኡስታዜ የሟቹ ዘሮች እንዳያፍሩ ብለው ስሟን ደብቀውኛል፤ እኔም አልወተወትኳቸውም። በዚያች ከተማ ሸኽ ጀውሐር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቁርአን አስተምረው ያረጁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ሐቅ ላይ ከቆሙ ግን ንቅንቅ የማይሉ ሰው ነበሩ።

ከተማዋ ጀናዛ ስትሸኝ አንድ ልማድ ነበራት። ሶላቱ ከመሰገዱ በፊት ሸኹ ከቃሬዛው አጠገብ ይቆሙና «ስለዚህ ሰው ምን ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱንም ቀድመው የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው። «ኸይር ሰው ነበር» ሲሉ ሕዝቡ ተቀብሎ «ኸይር ነበር! ኸይር ነበር!» ይላል። ሙእሚኖች በምድር ላይ የአላህ ምስክሮች ናቸው የሚለውን ሐዲስ ይዘው የጀመሩት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ምስክርነቱ እንደ ሰላምታ ሆነ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሟቹ ማን እንደሆነ ሳናጣራ፣ ጫማችን የት እንደገባ በዓይናችን እየፈለግን፣ አፋችን «ኸይር ነበር» ይላል።

እንግዲህ አንድ ቀን ማታ ሐጂ ሽፋው ሞቱ። ሐጂ ሽፋው የከተማዋ ትልቅ ሰው ነበሩ። በረመዳን ጾመኛ ያስፈጥራሉ፣ ወላጅ ያጣ የቲም ያለብሳሉ፣ ለቸገረው ይደርሳሉ። ከሸኽ ጀውሐር ጋር ደግሞ በልጅነታቸው በአንድ ሉሕ፣ በአንድ የእንጨት ሰሌዳ፣ ቁርአን የተማሩ ናቸው። በዚያች ከተማ ሐጂውን «አንተ» የሚሉ ሸኹ ብቻ ነበሩ።

ሐጂው ግን አንድ ነገር ነበረባቸው። የላይኛው ምንጭ ድሮ በቦይ ይወርድና በመስጂዱ ጓሮ አልፎ ታችኛው ሰፈር ይደርስ ነበር። ሐጂ ሽፋው ብርቱካን የተከሉ ጊዜ ቦዩን በድንጋይ ካብ ዘግተው ውሃውን ወደ አትክልታቸው መለሱት። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ገደሉን ወርደው ከወንዝ እየቀዱ በጀርባቸው ማመላለስ ጀመሩ። የጓሯቸው ጎመንም ደረቀ። መስጂዱም ውሃ አጣ። ይሄኔ ሐጂው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በአህያ ውሃ የሚያመላልስ ሰው ቀጠሩና የመስጂዱን ጋኖች ያስሞሉ ጀመር። ሰጋጁም ለሶላት ከጋኑ ታጥቦ ውዱእ ባደረገ ቁጥር «አላህ ይቀበላቸው» ይላል። ምንጭ ወስዶ ጋን የመለሰ ሰው ተመረቀ! ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል።

ሸኽ ጀውሐር ከነዚያ ጋኖች ጠብታ ነክተው አያውቁም። ራሳቸው ከወንዝ የቀዱትን ውሃ በአሮጌ ኩስኩስት ይዘው ይመጡ ነበር። ጓደኛቸውንም ሰው ፊት ሳያዋርዱ፣ ብቻቸውን ሲያገኟቸው ይነግሯቸዋል።

«ሽፋው፣ ያን ካብ አፍርሰው።»

«ኢንሻአላህ። ቃሌ ነው። ዘንድሮን ብርቱካኑ ይያዝልኝና።»

ዘንድሮ አልፎ ሌላ ዘንድሮ መጣ። ብርቱካኑ ያዘ፣ አፈራ፣ ተሸጠ። ካቡ ግን እንደቆመ ሐጂው ሞቱ።

ጀናዛው ታጥቦ፣ ተከፍኖ መስጂዱ ግቢ ደረሰ። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹም ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያለቅሳሉ። ሸኽ ጀውሐር ከቃሬዛው አጠገብ ቆሙ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሌሊቱን ሲያለቅሱ እንዳደሩ ሁሉም ያውቃል። «ስለዚህ ሰው ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁና ዝም አሉ።

ሕዝቡ ጠበቀ። ሸኹ አልጀመሩም።

«ሸኻችን ረሱት መሰለኝ» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» አለ ሌላው፣ እሱ ራሱ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ።

የሐጂው የበኩር ልጅ ይመር ጠጋ አለና በትሕትና ጎንበስ ብሎ «ሸኻችን፣ ምስክርነቱን ይጀምሩልን» አላቸው።

«ሶላቱን አሰግዳለሁ፣ ይመር። ሙስሊም ነው፣ ሐቁ ነው። ዱዓም አደርግለታለሁ፣ ከሁላችሁም አብልጬ። ምስክርነቱን ግን አልሰጥም።»

ግቢው ተንጫጫ። «በጀናዛ ላይ?» አሉ ሰዎች። «በሐጂ ሽፋው ላይ?» ይመር ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባቴ ምን በደለዎት? እንደ ወንድም ነበር የሚያይዎት! እንዲህ ባለ ቀን ያዋርዱታል?»

«ወንድሜ ስለሆነ ነው» አሉ ሸኹ። «አፈር ሲለብስ መላእክቱ መጥተው አስቀምጠው ይጠይቁታል። እኛ እዚህ ዋሽተን የሸፈንነው እዚያ አይሸፈንለትም። አሁን ኸይር ነበር ብለን ብንሸኘው ግን ሁላችንም ነገሩ ያለቀ ይመስለንና ወደየቤታችን እንገባለን። እሱ ብቻውን ይቀራል።»

ይመር አባቱን አየ። ቁጣው በረደና በምትኩ ፍርሃት መጣበት። ቀጥሎ ያነሳውን ጥያቄ ማን ያልጠየቀ አለ? በተለይ የሚወዱት ሰው እዚያ ተጋድሞ ሲታይ።

«ሸኻችን... አባቴን ቀብር ውስጥ ምን ይጠብቀዋል?»

«እሱን የሚያውቀው አላህ ነው፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ካቡን ነው። ካቡ አሁንም ቆሟል። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ዛሬም ጧት ገደል ወርደዋል። ለለቅሶው ብለው ለእናንተ ቤት ሳይቀር ውሃ ቀድተዋል። አባትህ ከእንግዲህ አንዲት ድንጋይ ማንሳት አይችልም። አንተ ትችላለህ።»

«ከቀብር መልስ አፈርሰዋለሁ። ቃሌ ነው።»

«የአባትህም ቃሉ ነበር።»

ይህች ቃል ይመርን መታችው። ሸኹ ቀጠሉ። «ጀናዛ አይዘገይም። የምትሄድ ከሆነ ፈጥነህ ሂድ። አልሄድም ካልክም ንገረኝ፤ ያለ ምስክርነት እንቀብረዋለን።»

ይመር ወደ ተራራው ቀና ብሎ አየ። ብርቱካኑ ከመስጂዱ ግቢ ይታያል፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ሀብቱ ነው። ምንጩ ከተለቀቀ ግማሹ አትክልት ለበጋ እንደማይደርስ ያውቃል። ዞር ብሎ ሰዉን ቢያይ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ያን ጊዜ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ከአባቱ ቃሬዛ አጠገብ አስቀመጠና ዳገቱን ሮጠ። ወንድሞቹ ተከተሉት። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ጎልማሶችም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ።

ድንጋይ ሲንከባለል ታች ድረስ ተሰማ። ሸኽ ጀውሐር ከጀናዛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ዚክር ያደርጋሉ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ዚክሩን ተቀላቀለ።

ይመር ሲመለስ እጁ ደምቷል፣ ልብሱ ጭቃ ነው። ወደ ቃሬዛው አልሄደም። ወደ አጥሩ፣ ወደ ሴቶቹ ሄደ።

«እናቶቼ፣ አባቴ ያለ ሐቁ ውሃችሁን ወስዷል። እኛም አይተን ዝም ብለናል፤ በልተንበታል። አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት፤ እኛንም አውፍ በሉን።»

ከሴቶቹ መሀል ሙሂባ የምትባል፣ ውሃ ስትሸከም ወገቧ የጎበጠ እናት ወጣች። የምትፈራ ሴት አልነበረችም።

«ልጄ፣ አልዋሽህም። ያን ገደል ስወጣ አባትህን ረግሜዋለሁ። ደጋግሜ ረግሜዋለሁ። ለቃል ብቻማ እርግማኔን አልመልስም። ውሃውን ልየው።»

«ልክ ነሽ» አሉ ሸኹ ካሉበት። ይመርም አብሯት ቆመ።

ሁሉም ወደ ቦዩ አፈጠጠ። የደረቀው ቦይ ቅጠልና አፈር ሞልቶታል። መጀመሪያ የመጣው ጭቃ ነው። ከዚያ የደፈረሰ ውሃ ቅጠሉን እየገፋ በመስጂዱ ጓሮ ገባ፤ እየጠራ፣ እየበረታ መጣ፤ አልፎም ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ሙሂባ ጎንበስ ብላ እጇን ነከረችና ፊቷን አበሰች።

«ይኸው አየሁት» አለች። «ሐቄን ለቅቄለታለሁ። አላህም ይልቀቀው።»

ሌሎቹም ሴቶች እያለቀሱ «ለቅቀናል፣ ለቅቀናል» አሉ።

ሸኽ ጀውሐር ተነሱ። ኩስኩስታቸውን ይዘው ወደ ቦዩ ወረዱና ከወንዝ የቀዱትን ውሃ ደፍተው ከምንጩ ሞሉት። ውዱእ ነበራቸው፤ ቢሆንም አደሱ። ከጓደኛቸው ራስጌ ሲቆሙ ጺማቸው ውሃ ያንጠባጥባል። እንባ ይሁን ውሃ መለየት ያቅታል።

«ስለዚህ ሰው ምን ትላላችሁ?» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፣ «ሽፋው ጓደኛዬ ነበር። ጾመኛ ሲያስፈጥር አይቻለሁ። የቲም ሲያለብስ አይቻለሁ። በድሎ የወሰደውም ዛሬ ሲመለስ አይቻለሁ። ኸይር ሰው ነበር፤ አላህ ፊት እጠየቅበታለሁ!» አሉ።

ሕዝቡ «ኸይር ነበር» አለ። ያን ቀን ግን ጫማውን የፈለገ አልነበረም።

ሰገዱ፣ ቀበሩ። ሰዉ ሲበታተን ይመር ከቀብሩ መነሳት አቃተው። ሸኹ ክንዱን ይዘው ሊያስነሱት ሲሉ «አሁንስ ሸኻችን? የአባቴ ነገር አለቀ ማለት ነው?» አላቸው።

ሸኽ ጀውሐር ቁልቁል ወደ ታችኛው ሰፈር ጠቆሙት። ሴቶች በየደጃቸው ቦይ ሲጠርጉ ይታያሉ።

«አባትህ ገና አልጨረሰም፣ ልጄ። ውሃው እየሄደ ነው።»

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ እየጠበቃችሁ «ስንሞት ምን እንሆናለን?» ትሉኛላችሁ። ከሞት እስከ ትንሣኤ ስላለው በርዘኽ፣ ስለ ሁለቱ መላእክት፣ ስለ ቀብር ጥበትና ስፋት የተላለፈልንን አምናለሁ፤ አስተምራለሁም። ከዚያ ያለፈውን ግን ከኔ አታገኙም። ሸኽ ጀውሐርም አላወቁትም። ሸኹ ያዩት ሌላ ነው። ሰው ሲሞት እግሩ ይቆማል እንጂ ሥራው ከኋላው መሄዱን ይቀጥላል፤ የዘጋውም እንደተዘጋ፣ የከፈተውም እንደተከፈተ በስሙ ይጻፍለታል። ይህ ያስፈራኛል። ደስም ይለኛል። ምክንያቱም የራሳችንን ካብ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ የት እንደቆመ፣ የማንን ውሃ እንደከለከለ የሚነግረን ሰው አያስፈልገንም።

ሐጂ ሽፋው መልካም ልጅ ነበራቸውና ደረሰላቸው። እኔና እናንተ ግን በልጆቻችን ጉልበት የምንወራረድበት ምክንያት የለም። እጃችን ገና ድንጋይ ያነሳል። ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ ቀና ስትሉ ከራሳችሁ ካብ ላይ የመጀመሪያዋን ድንጋይ አንሱ። እኔም የራሴን ላነሳ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። አላህ ለሐጂ ሽፋው ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ለኛም ሳንሞት ቦያችንን ያስከፍተን።