የአቶ ዳምጠው ባሕር ለማን ይገባል?

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ያለበት ቤት ነበር። ቀልድ አይደለም። አቶ ዳምጠው የባቡር መካኒክ ሳሉ ከጅቡቲ በተመለሱ ቁጥር አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ ይዘው ይመጡ ነበር። ሌላው ኮንትሮባንድ ጨርቅ ሲደብቅ ዳምጠው ጨው ውሃ ይደብቃል እየተባለ ተሳቀባቸው፤ እሳቸው ግን ደንታም አልነበራቸውም። ጡረታ ሲወጡ የሳሎኑን ግማሽ የያዘ የመስታወት አኳሪየም፣ ስድስት ዓሦችና ጡጫ የምታህል አንዲት ቀይ ኮራል ነበሯቸው። ኮራል ድንጋይ ትመስላለች እንጂ ሕይወት አላት፤ ደስ ሲላት እንደ አበባ ትከፈታለች፣ ብርሃንና ንጹሕ ውሃ ካጣች ትሞታለች።

ሊሞቱ ሲሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስካለ የተናዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከልጆቼ ባሕሩን ያተረፈ ይውሰደው» አሉ። ወይዘሮ አስካለም ከቀብር መልስ በሦስቱ ልጆቻቸው ፊት የራሳቸውን ጨመሩበት።

«ባሕሩ ወደሄደበት ቤት እኔም እሄዳለሁ። ትቼው አልቀርም።»

ይህን ሲሰማ የታላቂቱ ልጅ የውብዓለም ልብ ድንግጥ አለ። ውብዓለም ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳታገባ፣ ከእናት አባቷ ሳትለይ አርባ ስድስት ዓመት ሞላት። ባሕሩ ከሄደ እናቷም ሄዱ፤ እሷ ከስፌት መኪናዋ ጋር ባዶ ቤት መቅረቷ ነው።

ጣጣው የመጣው ከለቅሶው ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። የገባው ሁሉ አኳሪየሙ ፊት ይቆምና እንባውን ጠርጎ፣ «አይ ዳምጠው! እነዚህን እንዴት ይወድ ነበር!» ብሎ ከያዘው ዳቦ ይቆርስላቸዋል። ሩዝ የጣለም አለ። ወይዘሮ አስካለማ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላም ጠዋት ማታ መጣል አልተዉም። ዓሦቹ ከሚበሉት ውሃው ውስጥ የሚበሰብሰው በለጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ አልጌ ድንጋዩን፣ መስታወቱን፣ ቧንቧውን ወረሰው። ኮራሏን ጨርሶ ሸፈናት።

ውብዓለም ተናደደች። በአልጌው ተናደደች፣ በዳቦው ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ከሩቅ ስልክ እየደወሉ «ባሕሩ እንዴት ሆነ?» በሚሏት ወንድምና እህቷ ደሟ ፈላ። ለቀስተኛውን ግን «ዳቦ አትጣሉላቸው» ማለት ነውር ሆኖባት አፏን ዘጋች። ጎህ ሲቀድ እየተነሳች እጇን እስከ ክርኗ ነክራ አልጌውን በጣቷ እየጠቀለለች ነቀለችው፤ የኮራሏን ዙሪያ በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይበቅላል። ደግሞ ትነቅላለች። ሠላሳ አንድ ቀን! ጨዉ ጣቶቿን ሰነጣጥቋቸው መርፌ መያዝ አቃታት፤ የሰው ቀሚስ ሳይሰፋ ተከመረ። ኮራሏ ግን አልሞተችም።

በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ወንድሟ መኩሪያ ተመልሶ መጣ። የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አኳሪየሙን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ውቤ፣ ሣሩን ብትነቅዪው ምን ዋጋ አለው? ውሃው እኮ ገምቷል!»

«አንተስ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

መኩሪያ በዚያው ጅቡቲ ወረደና ከወደቡ ርቆ፣ ከጠራው ባሕር፣ ሃያ አምስት ጀሪካን ቀድቶ ተመለሰ። የታዘዘውን ጭነት ጥሎ በመምጣቱ አለቃው ከሥራ አገደው። የድሮውን ውሃ ከግማሽ በላይ ደፍቶ አዲሱን ገለበጠው፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ያለ አይመስልም ነበር። ኮራሏ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተች። ግን ምን ያደርጋል፣ መኪናው ላይ ፀሐይ ያሞቀውን ውሃ ሳያቀዘቅዝ ስለገለበጠው፣ አባታቸው አሥራ አንድ ዓመት ያሳደጉት ትልቁ ቢጫ ዓሣ በማግስቱ ተንሳፍፎ ተገኘ። ውብዓለም ዓሣውን በሳህን አድርጋ ወንድሟ ፊት አስቀመጠችው።

በሳምንቱ አልጌው እንደገና አቆጠቆጠ። ዳቦው መች ቆመና!

ትንሿ እህታቸው ራሔል ከሐረር የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ፋርማሲስት ናት። እጇን እንኳ አላረጠበችም፤ ወንበር ስባ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ሰው የሚያደርገውን አየች። ከዚያ ወጥታ ቁልፍ ገዛችና የአኳሪየሙን ክዳን ቆለፈችው። ጎረቤታቸው እማማ ዘነቡ ቁራሽ ይዘው ሲጠጉ መንገድ ዘጋችባቸው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከእንግዲህ አይስጧቸው። አልጌውን ያበቀለው ዳቦው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ የአባትሽን ወዳጅ ልታባርሪ?»

«ባሕሩን ላድን ነው፣ እማማ።»

እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ዳግመኛም የዚያን ቤት ደጅ አልረገጡም። ሌላውም ሰው ቀስ በቀስ ቀረ። ወይዘሮ አስካለ ጠዋት ጠዋት ከአኳሪየሙ ፊት ይቆማሉ፣ እጃቸውን የሚያደርጉበት ያጣሉ። ራሔል የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ተቀመጠችና በሁለት ቀን አንዴ ቆንጠር አድርጋ ብቻ መገበች። በሦስት ሳምንት አልጌው ነጣ፣ ረገፈ፣ አልተመለሰም።

ውብዓለም የነደደችው ይሄኔ ነው።

«ሠላሳ አንድ ቀን እጄ ሲቆስል ከርሞ፣ አንቺ በአንዲት ቁልፍ ልትወስጂው?»

«እትዬ፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገሪ እጅሽም ባልቆሰለ!»

«እኔ ውሃ ባላመጣ ሁለታችሁም የምትጣሉበት ኮራል አይኖርም ነበር» አለ መኩሪያ።

«አንተ ዝም በል፣ ዓሣ ገዳይ!» አለችው ውብዓለም።

ሽማግሌ ተጠራ። ሦስት የእድር ሰዎች ተቀምጠው ሦስት ዓይነት ፍርድ ፈረዱ። አንዱ፣ ውብዓለም ባትነቅል ሌሎቹ የሚደርሱላት ነፍስ አይኖርም ነበር አሉ። ሌላው፣ ኮራሏ የተከፈተችው በመኩሪያ ውሃ ነው አሉ። ሦስተኛው፣ ሁለቱ በሽታውን ሲያስታምሙ ያዳነችው ራሔል ናት ብለው ድርቅ አሉ። ጭቅጭቁ ጦፈ። ወይዘሮ አስካለ ሰምተው ሰምተው በቁጣ ብድግ አሉ።

«በቃችሁ! ይልቅ አንድ ነገር መልሱልኝ። ቤታችሁ ስገባ፣ አባታችሁ ትዝ ባለኝ ቀን ለዓሦቹ ቁራሽ ልጥልላቸው ትፈቅዱልኛላችሁ?»

«አልፈቅድም፣ እማዬ። ኮራሏ ትሞታለች» አለች ራሔል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ጣዪላቸው። ሲበላሽ ሌላ ባሕር አመጣልሻለሁ» አለ መኩሪያ፣ መኪና እንደሌለው እያወቀ።

ውብዓለም የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን አየች። እጇ ሌላ ዓመት እንደማይችል ታውቃለች። በልቧ እናቷንም፣ ወንድምና እህቷንም፣ ሞተው ይህን ፈተና የተዉባትን አባቷንም ተቆጣች።

«ጣዪላቸው፣ እማዬ» አለች። «እኔ እነቅለዋለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ፍርዱን ለሰሚ ተዉት። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ተናዳችሁም ቢሆን ፍረዱ። ያን ባሕር፣ ከባሕሩም ጋር እናትየዋን፣ ወደ ቤቱ መውሰድ የሚገባው ማን ነው?